ጀማሪ መምህርን ከ70 ወጣቶች ፊት ብቻውን አናቁመው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በተገለጸ ቁጥር ጋዜጣችሁ ስለ ትምህርት ጥራት የሚያወጣቸውን ጽሑፎች በትኩረት ከሚከታተሉ አንባቢዎቻችሁ አንዷ ነኝ። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ ከ2015 ዓ.ም. ተፈታኞች መካከል ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከታወቀ ወዲህ ስለ ሥርዓተ ትምህርቱ፣ ስለ መጻሕፍት እጥረት፣ ስለ ኩረጃና ስለ መምህራን ብቃት ብዙ ተጽፏል፤ መጻፉም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለምንውል ሰዎች የዕለት ተዕለት ጉዳይ የሆነ አንድ ጥያቄ በዚህ ሁሉ ውይይት መካከል ቦታ ሲያገኝ አላየሁም። ከዩኒቨርሲቲ በወጣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በዕድሜ እምብዛም በማይበልጣቸው 60 ወይም 70 ወጣቶች ፊት የሚቆም መምህር ክፍሉን እንዴት ይያዝ? ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ሩብ ያህሉ «ዝም በሉ» በማለት የሚያልቅ ከሆነ የመጽሐፉም ጥራት፣ የመምህሩም ዕውቀት ተማሪው ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል።

በመጀመሪያ ስለ ተማሪው ዕድሜ በግልጽ እንነጋገር። በወጉ ቢሆን የ9ኛ ክፍል ተማሪ 15 ዓመት ገደማ ይሆነዋል። በእኛ ክፍሎች ውስጥ ግን ዘግይቶ ትምህርት የጀመረ፣ ክፍል የደገመ፣ በጦርነትና በመፈናቀል ዓመት ያጣ፣ ለቤተሰቡ ሲል ሥራ ላይ ቆይቶ የተመለሰ ብዙ ነው፤ 11ኛ ክፍል ውስጥ 20 ዓመት የሞላው ወጣት ማግኘት አያስደንቅም። ጀማሪው መምህር ደግሞ 22 ወይም 23 ዓመቱ ነው። እነዚህ ወጣቶች ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚኖሩ፣ የራሳቸውን ምግብ የሚያበስሉ፣ ቅዳሜና እሑድ ስንቅ ለመያዝ ወደ ቤተሰብ የሚመላለሱ፣ አንዳንዶቹም ከትምህርት መልስ ሠርተው የቤት ኪራይ የሚከፍሉ ናቸው። ከክፍል ውጭ እንደ ሙሉ ሰው እየኖረ ክፍል ውስጥ ሲገባ እንደ ሕፃን የሚታይ ወጣት መቆጣቱ አይቀርም። ቁጣውን ግን በቃል አይናገርም፤ ሲሳቅ ይስቃል፣ ሲያጉረመርሙ ያጉረመርማል፣ ካልሆነም ክፍል ይፎርፋል።

ጀማሪው መምህር በዚህ ግፊት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት መንገዶች አንዱን ይመርጣል። አንዱ ጓደኛ መሆን ነው፤ ከተማሪዎቹ ጋር ይቀልዳል፣ ዘግይቶ የገባውን በዝምታ ያልፋል፣ የቤት ሥራ ያልሠራውን «ለነገ» ይለዋል። ለሁለት ሳምንት ያህል ተወዳጅ ይሆናል። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ተቆጥቶ ሥርዓት ላስከብር ሲል ተማሪዎቹ እንደ ክህደት ይቆጥሩበታል፤ ትናንት የተፈቀደው ዛሬ ለምን እንደሚያስቀጣ ሊያስረዳቸው አይችልምና። ሌላው መንገድ ገና ከበር ሲገባ መጮህ፣ መሳደብ፣ ማንበርከክና ዱላ ማንሳት ነው። ይህኛው ፈጣን ዝምታ ስለሚያስገኝ አንዳንድ ነባር መምህራን «መጀመሪያ አስፈራራቸው፣ ኋላ ትለዝባለህ» ብለው ሲመክሩ እሰማለሁ። ምክሩን በጥብቅ እቃወማለሁ።

የምቃወመው በመጀመሪያ ሕግ ስለሚከለክለው ነው። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን በትምህርት ቤት ውስጥ ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት እንዳለው ደንግጓል፤ 18 ዓመት የሞላው ተማሪም ቢሆን ክብሩን ከሚያዋርድ አያያዝ በአንቀጽ 18 የተጠበቀ ነው። ነገሩ ግን በሕግ ብቻ የሚያልቅ አይደለም። ትልልቅ ወጣቶችን በእኩዮቻቸው ፊት መምታትና ማዋረድ ሥርዓት ሲያመጣ በዘመኔ አላየሁም። በሴት ልጆች ፊት እንዲንበረከክ የታዘዘ የ18 ዓመት ወጣት ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ተንበርክኮ በመምህሩ ላይ ቂም መያዝ፣ ወይ እምቢ ብሎ የክፍሉ ጀግና መሆን። ሁለቱም ለመምህሩ ሽንፈት ናቸው። «ደደብ» ወይም «የማነው ባለጌ» የሚል ስድብ፣ ከዚያም አልፎ የተማሪውን ትውልድ አካባቢ ወይም አነጋገር የሚነካ ቃል ከአንድ መምህር አፍ ከወጣ ያ መምህር በዚያ ክፍል ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ቢደክም የሚመልሰው ነገር የለም።

ታዲያ ሥርዓት በምን ይመጣል? በእኔ ልምድ የክፍል ሥርዓት የሚጀምረው መምህሩ አፉን ከመክፈቱ በፊት ነው። ደወል ሲደወል በር ላይ ቆሞ ተማሪዎቹን ሰላም እያለ የሚያስገባ፣ ሰሌዳው ላይ ሲገቡ የሚሠሩትን አንድ አጭር ጥያቄ ጽፎ የሚጠብቅ መምህር የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች አሸንፏል። እነዚህ አምስት ደቂቃዎች ብዙ ይወስናሉ። 70 ተማሪ በስም መጥራት ብቻ ከክፍለ ጊዜው ብዙ ደቂቃዎችን ይበላል፤ ስም በሚጠራበት ጊዜ ደግሞ ሥራ የሌለው ተማሪ ወሬ ይጀምራል፣ የተጀመረ ወሬ ደግሞ በቀላሉ አይቆምም። የመቀመጫ ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ ማን የት እንደሚቀመጥ የወሰነ መምህር ግን የቀረውን ባዶ ቦታ አይቶ ያውቃል፤ ስም መጥራትም አያስፈልገውም። ሠንጠረዡ ሌላም ጥቅም አለው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ስማቸውን እንዲያጠና ይረዳዋል። «አንተ፣ ያ ከኋላ ያለኸው» ተብሎ የተጠራ ተማሪና በስሙ የተጠራ ተማሪ የሚሰጡት መልስ እንደማይመሳሰል ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል።

ደንቦቹ ጥቂት ይሁኑ፤ ከአራት አይብለጡ። በመጀመሪያው ሳምንት ከተማሪዎቹ ጋር ተነጋግሮ የተወሰነ፣ ምክንያቱ የተብራራ፣ ደብተራቸው ላይ የተጻፈ ደንብ ትልልቅ ተማሪዎች ያከብሩታል፤ ፍትሕን የሚመዝኑበት ዕድሜ ላይ ናቸውና። የሚመዝኑት ግን ደንቡን ሳይሆን አፈጻጸሙን ነው። ለጎበዙ ተማሪ ታልፎ ለደካማው የተፈጸመ ቅጣት፣ ሰኞ ተረስቶ ሐሙስ የታወሰ ደንብ ክፍሉን በሙሉ ያሳጣል። የማይፈጽመውን ቅጣት የሚዝት መምህርም እንዲሁ ነው። «ሁለተኛ ካየሁህ ከትምህርት ቤት አስባርርሃለሁ» ያለ መምህር ማባረር ሥልጣኑ እንዳልሆነ ተማሪው ከእርሱ በፊት ያውቃል።

በአንድ ወቅት ከጎኔ ባለው ክፍል ያስተምር የነበረ ጀማሪ የፊዚክስ መምህር ያደረገውን ላንሳ። ክፍሉ 11ኛ፣ ሰዓቱ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ነበር። ከኋላ ዴስክ የተቀመጠ፣ ከመምህሩ በቁመት የሚበልጥ ተማሪ ስልኩን ከዴስኩ ሥር አድርጎ ይነካካል። መምህሩ «ስልኩን አምጣው» አለው። ተማሪው «አልሰጥም ቲቸር» ብሎ መለሰ። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ሁሉም የሚመጣውን ጠብ መጠበቅ ጀመረ። በዚህች ቅጽበት ብዙ ጀማሪዎች ወደ ተማሪው ዴስክ ሄደው ስልኩን ለመንጠቅ ይታገላሉ፣ ወይም «ውጣልኝ» ብለው ይጮሃሉ፤ ተማሪው አልወጣም ካለ ደግሞ ሌላ መንገድ አይቀራቸውም። እርሱ ግን ድምፁን ሳይቀይር «ስልኩን ኪስህ አስገባና 3ኛውን ጥያቄ ሥራ፤ ሲደወል ጠብቀኝ» ብሎ ወደ ሰሌዳው ተመለሰ፤ ትምህርቱንም ቀጠለ። ሲደወል ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ በር ላይ ሁለቱ ብቻ ተነጋገሩ። ተማሪው መጽሐፉ ስላልደረሰው ስልኩ ላይ ጭኖት እንደሚያነብ ተናገረ፤ እውነትም ነበረው፣ ነገር ግን በዚያች ሰዓት ሲያነብ የነበረው የቴሌግራም መልእክት እንደሆነም አመነ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልኩ በክፍለ ጊዜው መጽሐፍ ሲያስፈልግ ብቻ እንዲወጣ፣ በሌላ ጊዜ ግን መምህሩ ጠረጴዛ ላይ እንዲቀመጥ ተስማሙ። የቤት ሥራ ባልተጻፈ ደብተር ምክንያት ሌላ ክርክር በሚነሳበት ጊዜ ሁሉ ይኸው መምህር «ሲደወል እንነጋገር» ማለቱን አላቋረጠም፤ ክፍሉም ተመልካች ያለው ጠብ ከእርሱ ዘንድ እንደማይገኝ ተረዳ።

የስልኩ ጉዳይ ራሱ ከሚመስለው በላይ ውስብስብ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ሲውል የታተመው መጽሐፍ ለሁሉም ስላልተዳረሰ በብዙ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ያነበቡት በስልካቸው ላይ የተጫነውን ቅጂ ነው። «ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ ለጥፎ ክፍል ውስጥ «ገጽ 45ን አውጡ» የሚል ትምህርት ቤት ጀማሪውን መምህር የማይፈጸም ደንብ እንዲያስፈጽም አድርጎታል።

ብዙ ጊዜ የሥነ ሥርዓት ችግር ተብሎ የሚመዘገበው ነገር ሥሩ ሌላ መሆኑንም ጀማሪ መምህራን እንዲያውቁት እፈልጋለሁ። ተማሪዎቻችን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ተምረው መጥተው 9ኛ ክፍል ላይ አብዛኛው ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። ለአሥር ደቂቃ ምንም ሳይገባው የተቀመጠ ወጣት በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ከጎኑ ካለው ጋር ማውራቱ የሚጠበቅ ነው። ይህን መምህሩ ራሱ ሊፈትሸው ይችላል፤ ረብሻው በየትኛው ሰዓት እንደሚነሳ ለአንድ ሳምንት ያስተውል። ሁልጊዜ በክፍለ ጊዜው መካከል ላይ፣ አዲስ ሐሳብ ከተዋወቀ በኋላ የሚነሳ ከሆነ ችግሩ የባለጌነት አይደለም። ሐሳቡን መጀመሪያ በሚሰሙት ቋንቋ አስረድቶ፣ የእንግሊዝኛ ቃላቱን ሰሌዳው ላይ ጽፎ፣ ከዚያ ወደ መጽሐፉ ቢመለስ ከየትኛውም ቅጣት የተሻለ ጸጥታ ያገኛል። የፈተናው ውጤት ያስከተለውም ተስፋ መቁረጥ እንዲሁ ነው። ታላቅ ወንድሙ 12 ዓመት ተምሮ ያለ ውጤት ቤት ሲቀመጥ ያየ ተማሪ «ምን ዋጋ አለው ቲቸር» ብሎ ሲጠይቅ መምህሩ ሊቆጣው አይገባም፤ ጥያቄው የእውነት ነውና የእውነት መልስ ይፈልጋል።

«ወላጅ አምጣ» ስለሚባለው ልማዳችን ጥቂት ልበል። ለ7ኛ ክፍል ልጅ ይሠራ ይሆናል። ወላጆቹ የአንድ ቀን መንገድ ርቀው ገጠር ለሚኖሩበት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ግን ትርጉሙ ሁለትና ሦስት ቀን ከትምህርት መቅረት ነው። ብዙዎቹ ደግሞ ከመንገድ ላይ አንድ ሰው ለምነው ወይም ጥቂት ብር ከፍለው «አጎቱ ነኝ» እንዲል አድርገው ያመጣሉ፤ እኛም እያወቅን ፈርመን እንቀበላለን። ለእንዲህ ዓይነት ተማሪ ከመምህሩና ከዩኒት መሪው ጋር ተቀምጦ በራሱ እጅ ጽፎ የሚፈርመው ስምምነት የበለጠ ክብደት አለው። ከማርክ መቁረጥም እንዲሁ መቆጠብ ያስፈልጋል። ማርክ ተማሪው የሚያውቀውን የሚለካ ስለሆነ በጫጫታ ምክንያት የተቆረጠ አምስት ማርክ ሚዛኑን ያዛባል፤ ክፍሉን በሙሉ በአንድ ሰው ጥፋት መቅጣት ደግሞ ያልረበሹትን ከረባሾቹ ጎን ያሰልፋል።

የማታ ተማሪዎችን በተመለከተ ነገሩ ቀላልም ከባድም ነው። ቀን ሲሠሩ ውለው፣ ልጆቻቸውን አስተኝተው የሚመጡ እናቶችና አባቶች ጫጫታ አያነሱም። ነገር ግን 40 ዓመት የሆናቸውን እናት «አንቺ፣ ለምን ዘገየሽ» ብሎ በሰው ፊት የሚናገር የ23 ዓመት መምህር ክፍሉን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያጣዋል። «እርስዎ» ብሎ መጀመር ምንም አያስከፍልም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እጅግ የሚያሳስበኝ የጀማሪ ሴት መምህራን ጉዳይ ነው። የ22 ዓመት ወጣት መምህርት ወደ ሰሌዳው በዞረች ቁጥር ከኋላ የሚሰማው ፉጨት፣ ስለ አለባበሷና ስለ ሰውነቷ የሚወረወረው ቃል፣ ከትምህርት ቤት ስትወጣ እየተከተሉ መልከፍ የክፍል አያያዝ ጉድለት አይደለም፤ ጥቃት ነው። ይሁን እንጂ ጉዳዩን ይዛ ወደ ቢሮ ስትሄድ «ታገሺ፣ ልጆች ናቸው» ወይም «አንቺ ትንሽ ጠንከር በይ» ተብላ ስትመለስ በተደጋጋሚ ተመልክቻለሁ። 19 እና 20 ዓመት የሞላው ሰው በዚህ ጉዳይ ልጅ አይደለም። ትምህርት ቤቱ ከመጀመሪያው ቀን በሰልፍ ላይ እንዲህ ያለው ድርጊት በቀጥታ ወደ ሥነ ሥርዓት ኮሚቴ እንደሚያመራ ካልተናገረና ሲደርስም ካልፈጸመው መምህርቷን ብቻዋን እንድትታገል ፈርዶባታል። ከሙያው የሚለቁ ጎበዝ ወጣት ሴቶችን ምክንያታቸውን የጠየቀ ሰው ደመወዝን ብቻ አይሰማም።

ይህ ወደ ዋናው ጉዳይ ያደርሰኛል። ጀማሪ መምህራን ክፍል መያዝ የሚያቅታቸው ስለሰነፉ አይደለም። ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ በሚሰጠው የመምህርነት ዲፕሎማ (ፒጂዲቲ) ሥልጠናም ሆነ በሌላ መንገድ ሲሠለጥኑ የማስተማር ልምምድ ያደርጋሉ፤ በልምምዱ ጊዜ ግን የክፍሉ ባለቤት የሆነው መምህር ከኋላ ተቀምጧል፣ ተማሪዎቹም ጸጥ የሚሉት ለእርሱ ሲሉ ነው። ልምምድ ላይ ያለው ወጣት በተዋሰው ሥርዓት አስተምሮ ይመለሳል። የራሱን ሥርዓት መገንባት የሚጀምረው ተቀጥሮ ብቻውን በሩን ሲዘጋ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ይህን አልዘነጋውም። ተሙማ ብለን በምንጠራው የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማዕቀፍ መሠረት ጀማሪ መምህር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አማካሪ መምህር ተመድቦለት፣ ለእርሱ በተዘጋጀ የትውውቅ ሞጁል እንዲሠራ፣ እንደ ማንኛውም መምህርም በዓመት 60 ሰዓት ለሙያው ማሻሻያ እንዲያውል ተደንግጓል። ወረቀቱ ግሩም ነው። በተግባር ግን ይህ ፕሮግራም በብዙ ቦታ ወደ ፖርትፎሊዮ መሙላት ተለውጧል፤ አማካሪውና ጀማሪው በሴሚስተሩ መጨረሻ ተገናኝተው ቅጹን ሞልተው ይፈራረማሉ፣ ሱፐርቫይዘሩም ማኅደሩን ቆጥሮ ይሄዳል። አንዱ የሌላውን ክፍል ሲጎበኝ ግን አይታይም።

የድልድሉም ነገር ተመሳሳይ ነው። የትምህርት ዓመቱ ሲጀመር ነባሮቻችን የምናውቃቸውን ክፍሎችና የጠዋት ክፍለ ጊዜዎችን እንመርጣለን፤ ማንም ያልፈለገው፣ ተማሪው የበዛበትና በረብሻ የታወቀው ክፍል ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ጋር ለአዲሱ ሰው ይተርፋል። መንግሥት ለሁለተኛ ደረጃ ያስቀመጠው ልክ በክፍል 40 ተማሪ ሆኖ ሳለ አዲሱን መምህር ከ70ዎቹ ጋር አገናኝተን፣ በዚያ ላይ የክፍል ኃላፊነት ጨምረንበት፣ በኅዳር ወር «ክፍል መያዝ አይችልም» ብለን እንፈርድበታለን። ከቢሮም የሚያገኘው ድጋፍ እንዲሁ ነው። ወደ ዩኒት መሪ የላከው ተማሪ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ምንም ሳይባል ፈገግ ብሎ ከተመለሰ፣ ወይም ርዕሰ መምህሩ በተማሪው ፊት መምህሩን ከገሠጸው፣ በማግስቱ ያ ክፍል የእርሱ አይደለም።

ስለዚህ የወረዳና የከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ለመጪው ዓመት የመምህራን ድልድል ከማጽደቃቸው በፊት ከየትምህርት ቤቱ ሦስት ነገሮችን እንዲጠይቁ በጋዜጣችሁ በኩል አሳስባለሁ። ጀማሪ መምህር የያዛቸው ክፍሎች ከነባሮቹ ክፍሎች በተማሪ ብዛት እንዳይበልጡ፤ በመጀመሪያው ዓመት የክፍል ኃላፊነት እንዳይሰጠው፤ አማካሪው ደግሞ በተመሳሳይ ትምህርት የሚያስተምር ሆኖ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ጀማሪው ክፍል ውስጥ እንዲቀመጥ፣ ጀማሪውም በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ የአማካሪውን ክፍል እንዲያይ በሁለቱም የሥራ ፕሮግራም ላይ ሰዓቱ ተቆጥሮ እንዲጻፍ። ለዚህ ተጨማሪ በጀት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የነባሮቹ ፈቃደኝነትና የርዕሰ መምህሩ ውሳኔ ነው። እኔ በበኩሌ በመጪው መስከረም ሁለት የመጨረሻ ክፍለ ጊዜዎችን ለራሴ ወስጄ የጠዋቶቹን ለአዲስ ባልደረባ ለመልቀቅ ለትምህርት ክፍላችን ኃላፊ በጽሑፍ አሳውቄያለሁ፤ ሌሎች ነባር መምህራንም እንዲሁ እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት፣ ከደብረ ብርሃን